ቡናውን ከመጫንዎ በፊት ከመኪናው ሥር ይመልከቱ

በደዶና በዙሪያው ያለ ነጋዴ ለአዲስ አበባ የጭነት መኪና ሲፈልግ ደላላውን የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ «በኩንታል ስንት?» እና «መቼ ይገባል?»። ስለ ፍሬን የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። ዋጋ ተቆርጦ፣ ጆንያው ተጭኖና ገመዱ ከታሰረ በኋላ ደግሞ እንከን ቢታይ እንኳ የሚያራግፍ አይገኝም። ስለዚህ ፍተሻው መኪናው ባዶውን ሳለ መደረግ አለበት።

ጉዞው ቀላል አይደለም። ከደዶ ከፍታ ወደ ጅማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከተወረደ በኋላ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ሰርቦ፣ አሰንዳቦና ሰኮሩ ታልፈው ከአበልቲ ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት የመኪናው እውነተኛ ፈተና ነው። ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ የሚመለስም በወልቂጤ በኩል ያንኑ ሸለቆ ይወርዳል።

ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳበት ምክንያት አለው። ሹፌሩ ፔዳሉን ሳይለቅ ረጅም መንገድ ሲወርድ የጭነቱ ጉልበት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ላይ ያርፋል። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል መያዝ ይተዋል። የፍሬን ዘይትም ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ «ዶት 3» የሚባለው ዘይት አዲሱ ከ205 ዲግሪ በታች የማይፈላ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ማርሽ ዜሮ አድርጎ ነዳጅ ቆጠብኩ የሚል ሹፌር ካጋጠመዎ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ። ከባድ ማርሽ መያዝ ያለበት ቁልቁለቱ ሳይጀመር ነው።

መካኒክ ሳይጠሩ የሚሞከር ነገርም አለ። ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉን ደጋግመው ይርገጡ፤ ከዚያ አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት የሚያሳልፍ ቦታ አለ ማለት ነው። እንደተረገጠ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ማለት አለበት፤ ካልወረደ ረዳቱ ክፍል አይሠራም። ይህ ለቤት መኪናና ለትናንሽ የጭነት መኪናዎች ነው። በአየር ፍሬን የሚሠሩት ትላልቆቹ ግን የአየር ጋናቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሞ የአየር መለኪያው ቶሎ ከወረደም ጉዞ የለም። በጎማዎቹ የውስጥ በኩል ርጥብ ዘይት መኖሩን ጎንበስ ብሎ ማየትም ያስፈልጋል። ልብስ ይቆሽሻል፤ ይቆሽሽ።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው የሚያየው ጥርሱን ብቻ ነው። ዕድሜውንም ይዩ። ከጎኑ በመጨረሻ የተጻፉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት በአውሮፓውያን 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። ከኋላ ጥንድ ጎማ ካለው ደግሞ የውስጠኛውን ንፋስ ያስለኩ። እሱ ቢተነፍስ ከውጭ የሚያስተውለው የለም፤ ጭነቱን ውጪኛው ለብቻው ተሸክሞ ሲፈነዳ ነው የሚታወቀው። ስኮርታውና ክሪኩም ይታዩ፤ ክሪክ የሌለው ስኮርታ ጭነት ነው።

ራዲያተርና ቺንጋ ከጊቤ ወደ ላይ ለሚወጣው ዳገት፣ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ደግሞ ለጅማ ዝናብ ያስፈልጋሉ።

«ቦሎ አለው» የሚለው መልስ ነጋዴውን ሊያዘናጋው አይገባም። ቦሎ መኪናው በተመረመረበት ቀን ማለፉን እንጂ ዛሬ ደህና መሆኑን አያሳይም። የሦስተኛ ወገን መድንም እንዲሁ። በአዋጅ የተደነገገው ይህ መድን የሚክሰው በመኪናው ምክንያት ሌላ ሰው ላይ ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ የደረሰን ጉዳት ነው። ጊቤ ላይ የተበተነው የእርስዎ ቡና በዚህ አይከፈልም፤ ለእሱ የጭነት መድን ለብቻው ይገባል። ከሊብሬው በላይ ማስጫን ደግሞ ካሣ ሲጠየቅ ለክርክር በር ይከፍታል፤ ፍሬኑንም ያለአቅሙ ያሠራዋል።

ውል ሲጻፍ «መኪናው ከመጫኑ በፊት በጫኚው ወገን ይፈተሻል» የምትል አንድ መስመር ይጨመር። ፍተሻው ግፋ ቢል አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ባለመኪናው ለዚህ እንቢ ካለ ደላላው ሌላ መኪና ያምጣ።