ስሙ የእኛ፣ ሕንፃው የሌላ

የምኖረው ኖርዝ ሆሊውድ ነው። በርበሬና እንጀራ ሲያልቅብኝ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናዬን አስነስቼ፣ በሎሬል ካንየን ጠመዝማዛ መንገድ ተራራውን አቋርጬ ፌርፋክስ እወርዳለሁ። መንገዱ ከተጨናነቀ አንድ ሰዓት ይበላል፤ የመኪና ማቆሚያ ፍለጋው ደግሞ ለብቻው ነው። ባለፈው ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ ልጅ ይዤ ሄድኩ። «ሊትል ኢትዮጵያ» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ተነስተን በእግር ወደ ታች ወረድንና ዊትዎርዝ ጋ ስንደርስ «በቃ? ይኸው ነው?» አለኝ። አዎ፣ ይኸው ነው። ብትንት ብትል አንዲት ብሎክ።

ትንሽ ዝም አለና ደግሞ «ሰዎቹስ የት ነው የሚኖሩት?» ሲል ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከማውቃቸው ውስጥ እዚያ ሰፈር የሚያድር የለም ማለት ይቻላል። አስተናጋጇ የምትመጣው ከኢንግልዉድ ነው፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ከዚያም ርቃ። እኔ ከቫሊ። ሁላችንም በመኪና እየቀዘፍን ወደዚያች ደሴት እንመጣለን፤ እንበላለን፣ እንሸምታለን፣ ማን እንደሞተና ማን እንደወለደ ሰምተን ማታ እንበተናለን።

ደሴቲቱ በቀላሉ አልተገኘችም። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምናገረው) ጥቂት ደፋሮች ምግብ ቤት ከፈቱ፤ አንዱ ሌላውን እየሳበ ሱቁም፣ የቡናውም ቤት ተከተለ። በ2002 የከተማው ምክር ቤት ስሙን በይፋ አጸደቀልን። ምልክቱ ሲሰቀል ያለቀሱ ሰዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ግን ምልክት ኪራይ አይከፍልም።

ብዙ ወገን የማያውቀው ነገር አለ። የሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ ቁጥጥር ከጥቅምት 1978 በፊት በተሠሩ አፓርትመንቶች ለሚኖር ሰው ከለላ ይሰጣል። ሱቅና ምግብ ቤት ግን በዚህ ውስጥ የሉበትም። እንዲያውም ከ1987 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሕግ ማንኛውም ከተማ የንግድ ቤት ኪራይ ላይ ጣሪያ እንዳያወጣ ተከልክሏል። ስለዚህ ውሉ ያለቀበት ባለ ምግብ ቤት አከራዩ «እጥፍ ክፈል» ቢለው፣ ወይ ይከፍላል ወይ ምጣዱን ይሸከማል።

አንድ የማከብራቸው ባለ ሱቅ አሉ። «ጋሼ፣ ውልዎ መቼ ነው የሚያልቀው?» ስላቸው ሳቁ። «ካለቀ ቆየ፤ ከወር ወደ ወር ነው የምከፍለው። ሃያ ዓመት ከፍዬ አንዲት ጡብ የኔ አይደለችም፣ ልጄ» አሉኝ። ሳቃቸው እስከ ቤቴ ተከተለኝ።

ይህ የእኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረው ሊትል ቶኪዮ በ2024 በአሜሪካ ለአደጋ ከተጋለጡ 11 ታሪካዊ ቦታዎች ዝርዝር ገብቷል። ከ1972 ጀምሮ የነበረ ምግብ ቤት በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከነበረበት ሕንፃ ወጥቷል። ጃፓኖቹ ግን ለቅሶ ተቀምጠው አልቀሩም፤ ከማኅበረሰቡ ገንዘብ እያሰባሰቡ ሕንፃ የሚገዛ ፈንድ አቋቁመዋል። የእኛ ሰዎች በዋሽንግተን ያዩትንም እናውቃለን፦ አዳምስ ሞርጋንንና ዩ ስትሪትን ካደመቁ በኋላ ኪራዩ ሲንር ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ገፉ።

እኛስ? ዕቁብ አለን። ያለ ወለድ፣ ያለ ባንክ፣ በመተማመን ብቻ። ገንዘቡ ግን መኪና ይሆናል፣ ሠርግ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ላይ ዓመታት የሚጠበቅ አፓርትመንት ይሆናል። ሒሳቡን እንየው እስቲ፦ ሃምሳ ቤተሰብ በወር 500 ዶላር ቢያዋጣ በሁለት ዓመት 600 ሺህ ዶላር ነው። ፌርፋክስ ላይ ሕንፃ በጥሬ ገንዘብ አይገዛም፤ ለቅድመ ክፍያ ግን ወሬው ቀልድ መሆኑ ያበቃል።

«ማን ሊቀመንበር ይሁን? ማን ይፈርም?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው እንደሚመጣ አውቃለሁ። በዘር፣ በፖለቲካና በማኅበር ስንከፋፈል የኖርን ነን፤ ይህን ሸፍኜ አላልፍም። ሆኖም እኚሁ የተከፋፈሉ ሰዎች በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ቤተ ክርስቲያን ገዝተዋል፣ ዕዳውንም ከፍለው ጨርሰዋል። ሲገዙ ጠበቃም፣ ኦዲተርም ነበራቸው። ለሱቅ ሲሆን ምነው አቃተን?

ሕንፃው እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ዛሬ የሚሠራ ሥራ አለ። ከጥር 2025 ጀምሮ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የወጣ የካሊፎርኒያ ሕግ በሥራ ላይ ነው። ከአስር ያነሰ ሠራተኛ ያለው ምግብ ቤት፣ ወይም አምስትና ከዚያ በታች ሠራተኛ ያለው ትንሽ ንግድ፣ ከወር ወደ ወር የሚከራይ ከሆነ፣ ከአስር በመቶ በላይ ለሆነ ጭማሪ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ጭማሪውን አያስቀርም፣ ጊዜ ይሰጣል እንጂ። ችግሩ ተከራዩ ራሱ «እኔ በዚህ ሕግ የምካተት ነኝ» ብሎ ለአከራዩ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በየዓመቱም ማደስ አለበት። ውል እንዲተረጎም የሚያስገድደውም ለስፓኒሽ፣ ለቻይንኛ፣ ለታጋሎግ፣ ለቬትናምኛና ለኮሪያኛ ነው። አማርኛ የለበትም።

እንግዲህ ተርጓሚዎቹ እኛው ነን፤ ሕግ የተማርነው፣ ሒሳብ የምንሠራው፣ ዩኒቨርሲቲ ያለነው። እዚያ ሄደን ክትፎ በልተን የምንመለሰው። ባለፈው እሑድ ከዚያ ተማሪ ልጅ ጋር ተመልሰን ጋሼ ሱቅ ገባን። ልጁ ላፕቶፑን በበርበሬ ከረጢቶቹ መሃል ከፈተና ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ እኔ መስመር በመስመር በአማርኛ አነበብኩላቸው። ሁለቴ አስደገሙኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙና፣ ፎቶ ኮፒውን ከገንዘብ መሳቢያው ሥር አስቀምጠው «ለጎረቤቴስ አትጽፉለትም?» አሉን።