አውራ ጣት የሚያዘው ጊታር

የሜርል ትራቪስን ወይም የሚሲሲፒ ጆን ኸርትን ጊታር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ሁለተኛውን ተጫዋች ይፈልጋል። አንዱ በወፍራሙ ድምፅ ምት ይጠብቃል፤ ሌላው ከላይ በቀጭኑ ዜማውን ያንቆረቁራል። ሁለተኛ ሰው ግን የለም። ያለው አንድ ጊታርና አንድ ቀኝ እጅ ነው። ከበሮ ሲመታ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም፤ ሰፊው አፍና ጠባቡ አፍ በአንድ ከበሮ ላይ ሁለት ድምፅ እንደሚሰጡ ሁሉ፣ እዚህም ሰፊውን አፍ አውራ ጣት፣ ጠባቡን ሌባ ጣት ይዞታል።

አሜሪካኖች ይህን አጨዋወት “ታምፒኪንግ” ወይም በባለሙያው ስም “ትራቪስ ፒኪንግ” ይሉታል። ሲነገር ቀላል ነው። ከስድስቱ የጊታር ክሮች አውራ ጣት ወፋፍራሞቹን ይረከብና፣ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያፈራረቀ፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ ሳይዛነፍ ይወርዳል። የመዳፉ ጠርዝ ክሮቹ በጊታሩ ሆድ ላይ በሚታሰሩበት ቦታ አረፍ ብሎ ስለሚጫናቸው ወፍራሙ ድምፅ አይንዛዛም፤ አጭርና ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ዜማው የሌባ ጣት ድርሻ ነው። ቀጫጭኖቹን ክሮች እየሳበ፣ አንዳንዱን ድምፅ ከምቱ እኩል፣ ብዙውን ግን በሁለት ምት መካከል ይጥለዋል። ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው ይኸው መካከል ላይ የሚወድቀው ድምፅ ነው። ጀማሪም የሚሸነፈው እዚሁ ላይ ነው፤ ዜማው ባመነታ ቁጥር አውራ ጣቱም አብሮ ያመነታል። ስለዚህ አውራ ጣት ሳይታሰብበት በራሱ እስኪሄድ ድረስ ዜማ መጀመር ትርፉ ድካም ነው።

ትራቪስ የግራ አውራ ጣቱንም ሥራ አላስፈታውም። ከጊታሩ አንገት በላይ አሻግሮ ወፍራሞቹን ክሮች ይይዝበት ነበር። ሥርዓት አጥባቂ የሙዚቃ መምህር ቢያየው “እጅህን አስተካክል” ሳይለው አይቀርም።

ትራቪስ በ1917 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምዕራብ ኬንታኪ፣ ሙለንበርግ በሚባል የድንጋይ ከሰል አገር ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። አጨዋወቱ ስሙን ይያዝ እንጂ ፈልሳፊው እሱ አይደለም። የተማረው ከሞስ ሬገርና ከአይክ ኤቨርሊ ነው። ሬገር ከሰልም ይቆፍር፣ ፀጉርም ያስተካክል የነበረ ሰው ነው፤ ኤቨርሊ ደግሞ በኋላ ዓለም ያወቃቸው የኤቨርሊ ወንድማማቾች አባት። እነሱ ከኬኔዲ ጆንስ ወሰዱ፤ ጆንስም ከአርኖልድ ሹልትዝ። ሹልትዝ በ1886 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በዚያ አካባቢ እየተዘዋወረ ጊታርና ቫዮሊን ይጫወት ነበር። የብሉግራስ ሙዚቃ አባት የሚባለው ቢል ሞንሮም በወጣትነቱ ከእሱ ጋር በጭፈራ ድግሶች ተጫውቷል፤ ውለታውንም ሲናገር ኖሯል።

ከሙለንበርግ ውጭ ሙያውን ያሰራጨው ራዲዮ ነው። ቼት አትኪንስ የሚባል፣ አስም የሚያስቸግረው ልጅ፣ ጆርጂያ አባቱ ዘንድ ሆኖ ከሲንሲናቲ የሚተላለፈውን የትራቪስን ጊታር ሰማ። ድምፁን እንጂ እጁን ማየት አይችልም። በአውራ ጣትና በአንድ ጣት ብቻ እንደሚጫወት ስላላወቀ፣ ይህ ሁሉ ድምፅ የሚወጣው በብዙ ጣት ነው ብሎ ገመተ፤ ሌሎች ጣቶቹንም ጨምሮ ያለማምድ ጀመር። ከዚያ የወጣው አጨዋወት ከትራቪስ ይልቅ ለስላሳና የተጣራ ሆነ። አትኪንስ ኋላ የአርሲኤ ኩባንያ የናሽቪል ስቱዲዮ ኃላፊ ሆነ። የጂም ሪቭስን ካሴት ያደመጠ የአዲስ አበባ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም የዚህን ሰው ጆሮ ያውቀዋል፤ የሪቭስን ታዋቂ ዘፈኖች በአዘጋጅነት ያስቀረጸው አትኪንስ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አድናቂነት ከጭብጨባ ያለፈ ነው። አትኪንስ ሴት ልጁን ሜርል ብሎ ሰየማት፣ በትራቪስ ስም። ዓይነ ስውሩ የሰሜን ካሮላይና ጊታር ተጫዋች ዶክ ዋትሰንም በ1949 የተወለደ ወንድ ልጁን እንዲሁ ሜርል አለው፤ ልጁም አድጎ ከአባቱ ጎን ጊታር ይዞ ተቀመጠ። ከአውስትራሊያ ቶሚ ኢማኑኤል የሚባል ልጅ ለአትኪንስ ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስም አገኘ። አትኪንስ “የተመሰከረለት ጊታር ተጫዋች” የሚል ማዕረግ እንደ ቀልድ ለራሱ አውጥቶ ነበር። በሕይወት ሳለ ለአራት ሰዎች ብቻ አካፈለው፤ ለጄሪ ሪድ፣ ለጆን ኖውልስ፣ ለስቲቭ ዋሪነርና ለዚያ ደብዳቤ ጸሐፊ። የትኛውም ዩኒቨርሲቲ የማያውቀውን ይህን ማዕረግ ጊታረኞች ከዶክትሬት አያሳንሱትም።

የአትኪንስ አድናቂዎች ማኅበርም በሐምሌ ወር ናሽቪል ላይ ሲሰባሰብ ኖሯል። ወሬው ሁሉ ስለ መድረኩ አይደለም፤ በሆቴሉ መተላለፊያ ወንበር ስበው እስከ ሌሊት አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ስለሚጫወቱት ነው። አዲስ ሰው ፍጥነት ያስደንቀዋል። የቆየ አድማጭ ግን ዜማውን ትቶ አውራ ጣቱን ነው የሚከተለው፤ ዜማው ሲወሳሰብ አውራ ጣቱ ካልተነቃነቀ ያኔ ራሱን ይነቀንቃል።

ወደ ብሉዝ ስንሻገር ያው አውራ ጣት ይጠብቀናል። ሚሲሲፒ ጆን ኸርት አቫሎን በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ለኦኬ የሸክላ ኩባንያ የጠቆመው ዊሊ ናርሞር የሚባል ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ጎረቤቱ ነው። በ1928 በሜምፊስና በኒውዮርክ ተቀርጾ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሸክላዎቹ ብዙ አልተሸጡም፤ የኢኮኖሚ ድቀቱም ተከተለ። በ1952 ሃሪ ስሚዝ ባሳተመው የድሮ ሸክላዎች ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቹ ሲወጡ፣ የሰሙት ወጣቶች ሰውየው ሞቷል ብለው ነበር። ቶም ሆስኪንስ የሚባል አድናቂ ግን ኸርት በአንድ ዘፈኑ የሚኖርባትን መንደር መጥራቱን አስተዋለ፤ ካርታ ፈልጎ በ1963 አቫሎን ድረስ ሄደ። ኸርት በሕይወት ነበር፤ ያውም እጁ ሳይበላሽ። በዚያው ዓመት በኒውፖርት ፌስቲቫል ተጫወተ፤ እስካረፈበት እስከ 1966ም የቀድሞ አድማጮቹን ቁጥር ብዙ እጥፍ የሚሆን ሰው ሰማው። የእሱ አውራ ጣት የትራቪስን ያህል ኃይል የለውም፤ ይርገበገባል እንጂ አይመታም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእሱ ነው።

ኸርትን “ብሉዝ”፣ ትራቪስን “ካንትሪ” ያሰኘው አውራ ጣታቸው አይደለም። የአሜሪካ ሸክላ ኩባንያዎች ከ1920ዎቹ ጀምሮ የጥቁሮችን ሥራ በአንድ መደብ፣ የገጠር ነጮችን በሌላ መደብ ከፍለው ይሸጡ ነበር። ክፍፍሉ የገበያ ነው፤ ጆሮ ያለው አድናቂ በሁለቱም በኩል ያንኑ ምት ይሰማል።

በሙለንበርግ፣ ድሬክስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ “የአራቱ ስመ ጥሮች” የሚባል ፏፏቴ ለመታሰቢያ ቆሟል። አራቱ ትራቪስ፣ ሬገር፣ ኤቨርሊና ጆንስ ናቸው። ጆንስ ከማን እንደተማረ የአካባቢው ሰው ሁሉ እያወቀ ሹልትዝ ከአራቱ አንዱ አልሆነም። በ1931 እስኪሞት ድረስ አንድም ሸክላ አላስቀረጸም፤ ስለዚህ የእሱን እጅ የምንሰማው በሌሎች እጅ ነው። የብሉግራስ ባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ፋውንዴሽን በ2020 በስሙ ገንዘብ አቋቁሟል፤ ጥቁሮችና ሌሎች ነጭ ያልሆኑ ሙዚቀኞች በዚያ ሙዚቃ ውስጥ እንዲበረክቱ የሚረዳ ነው።