ሞክሼ ሆሄያትና የጽሑፍ ዲጂታል አሻራ

ዲጂታል አሻራ አንድን ፋይል ወይም ጽሑፍ በአጭር ቁጥር የመወከል ዘዴ ነው። ሁለት ሰነዶች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ሙሉ ይዘታቸውን ከማነጻጸር ይልቅ አሻራቸውን ማነጻጸር ይቀልላል። ሙሉ ቅጂን ለመለየት ኤስኤችኤ-256 የተሰኘው የሃሽ ስሌት በቂ ነው፤ የማንኛውንም ፋይል ይዘት በ256 ቢት ይወክላል። ይሁን እንጂ ከፋይሉ አንድ ነጥብ እንኳ ቢለወጥ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁለት አንቀጽ ብቻ ተቀድቶ ቢሆን ይህ አሻራ ምንም አያመለክትም።

ከፊል ቅጂን ለማግኘት ጽሑፉ በተደራራቢ ቁርጥራጮች ይከፈላል። የቁርጥራጩ ርዝመት 5 ፊደል ቢሆን የመጀመሪያው ከ1ኛው እስከ 5ኛው፣ ቀጣዩ ከ2ኛው እስከ 6ኛው ያለውን ይይዛል፤ እያንዳንዱም የራሱ የሃሽ ቁጥር ይሰጠዋል። ሁሉንም ቁጥሮች ማከማቸት ብዙ ቦታ ስለሚፈጅ ጥቂቶቹ ይመረጣሉ። ሽሌይመር፣ ዊልከርሰንና አይከን እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት ዊኖዊንግ የተሰኘው ስልተ ቀመር ምርጫውን የሚያደርገው በተንሸራታች መስኮት ነው። ቁጥሮቹ 63፣ 28፣ 91፣ 14፣ 55፣ 37 ቢሆኑና መስኮቱ አራት አራት ቢይዝ፣ የሦስቱም መስኮቶች ትንሹ ቁጥር 14 ነው። በመሆኑም በአሻራነት የሚቀመጠው 14 ብቻ ይሆናል። በዚህ አሠራር 8 ፊደልና ከዚያ በላይ የሚረዝም የጋራ ክፍል በሁለቱ ሰነዶች ውስጥ ካለ ቢያንስ አንድ የጋራ አሻራ ይገኛል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውና የፕሮግራም ኮድ ተመሳሳይነትን የሚለየው ሞስ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

ዘዴው ወደ አማርኛ ሲመጣ ሞክሼ ሆሄያት እንቅፋት ይሆናሉ። «የፀሐይ ኃይል» የሚለውን ሐረግ ሌላ ጸሐፊ «የጸሀይ ሀይል» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፀና ጸ፣ ሐ፣ ኃና ሀ የተለያየ ኮድ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ክፍት ቦታው ሲወገድ ሐረጉ 7 ፊደል ሲሆን ሦስት ቁርጥራጮች ይወጡታል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከሌላው ጽሑፍ ጋር አይገጥምም። የሆሄ ልማድ ልዩነት ብቻውን፣ ማንም ለመሸሸግ ሳያስብ፣ ቅጂን ሊሰውር ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ አሻራው ከመሰላቱ በፊት ሞክሼዎች በአንድ ወካይ ሆሄ ሊተኩ፣ ሁለት ነጥብና ሌሎች ሥርዓተ ነጥቦችም ሊወገዱ ይገባል። ይህ ዋጋ አለው፤ ለምሳሌ «ሠረቀ» (ፀሐይ ስትወጣ) እና «ሰረቀ» (የሰው ንብረት ሲወሰድ) ልዩነታቸው ይጠፋል። ይሁን እንጂ ንጽጽሩ በነጠላ ቃል ሳይሆን በረዘመ ክፍል ስለሚካሄድ የአንድ ቃል መመሳሰል ብቻውን የሚያስከትለው ስሕተት አነስተኛ ነው። የቁርጥራጩም ርዝመት ከእንግሊዝኛ እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። «ሰላም» በግዕዝ ፊደል ሦስት፣ በላቲን አምስት ፊደል ነውና ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ፊደላት በአማርኛ የበለጠ ይዘት ይሸከማሉ።

በመጨረሻም የአሻራ መግጠም የሚያረጋግጠው የፊደላትን አንድነት እንጂ ስርቆትን አይደለም። ምንጩ በአግባቡ የተጠቀሰ ጥቅስም ሆነ የተለመደ የሕግ አንቀጽ አሻራው ይገጥማል። በዚህ ምክንያት ንጽጽሩ በተዋሐደው ቅጂ ቢካሄድም፣ ለፈታኙ የሚቀርበው የሁለቱ ጽሑፎች የመጀመሪያ አጻጻፍ ጎን ለጎን ሊሆን ይገባል። የመቶኛ ውጤት የት መታየት እንዳለበት ይጠቁማል፤ ፍርዱ ግን አንብቦ ለሚመዝን ሰው የተተወ ነው።