ናስና ከንፈር
(ክፍል 3)

ባለፈው ሳምንት የጃዝ ትራምፔተኛውን ቼት ቤከርን የተለየነው በጣሊያኗ ሉካ ከተማ እስር ቤት ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. በሄሮይን ምክንያት ተይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ታሰረ። ከተፈታም በኋላ ሱሱ አልለቀቀው፤ እንግሊዝ አባረረችው፣ ምዕራብ ጀርመን አባረረችው። በ1964 ወደ አሜሪካ ተመለሰ።

ሀገሩ ግን እሱን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም፤ ወጣቱ ጆሮውን ለሮክ ሰጥቷል። ከሳክስፎን ተጫዋቹ ጄሪ መሊጋን ጋር ፒያኖ በሌለው ባንድ ሎስ አንጀለስን ያስደመመው መልከ መልካም አሁን ሥራ ፈላጊ ነው።

በ1966 አንድ ሌሊት ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሰዎች ከበቡት። ማን ላካቸው? ራሱ ቼት ታሪኩን በየጊዜው እየለዋወጠ ነው የተረከው፤ ወሬው ግን ሁሌም ወደ ዕፅ ነጋዴዎች ያዘነብላል። አንድ ነገር እርግጥ ነው፦ አፉን ብለው መቱት።

የትራምፔት ድምፅ የሚወለደው ከንፈር በመሣሪያው አፍ ላይ ሲርገበገብ ነው፤ ያንን ከንፈር ከኋላ የሚደግፈው ደግሞ የፊት ጥርስ ነው። የቼት ጥርስ እየተበላሸ ሄዶ በመጨረሻ የላይኞቹ ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ተገጠመለት።

ትራምፔቱን አንሥቶ ነፋ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ይህ ሰው የሰማውን ዜማ በጆሮው ብቻ ይዞ የሚጫወት፣ ከኖታ ጋር እምብዛም የማይተዋወቅ ነበር። ተሰጥኦ ያለ ድካም የሰጠውን፣ አርባ ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያዋ ድምፅ ተነሥቶ ሊማር ሆነ። እንጀራ ፍለጋ ነዳጅ ማደያ ተቀጥሮ የሰው መኪና ቤንዚን ሞላ።

ድምፁ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ባይፈጥንም የራሱ ነው። በ1973 ወደ ኒው ዮርክ ሲጓዝ ዴንቨር ላይ ዲዚ ጊሌስፒን አገኘው። ታላቁ ትራምፔተኛ ኒው ዮርክ ወዳለው ሃፍ ኖት ክለብ ስልክ ደወለለት። ክለቡም እሺ አለ።

መድረኩ ተገኘ። ያ ጥርስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይችላል? በዚያች ከተማ በየጥጉ የሚሸጠው ሄሮይንስ? መልሱን በሚቀጥለው ሳምንት ይጠብቁ።

(ይቀጥላል)