መጀመሪያ መቀመጫዬን ያለችው

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው ሳንቃበር ካምፕ የደረስን ዕለት፣ ድንኳኑን ገና ሳንተክል፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ ከዓይናችን ተሰወረች። እናቷ ስሟን እየጠራች ወደ ገደሉ በኩል ሮጠች፤ እኔ ወደ መኪናው መንገድ ሮጥኩ። ያገኘናት ከካምፑ ጀርባ ባለው መስክ ላይ ነው። ከመቶ የማያንሱ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ እሷ መሐላቸው ደርቃ ቆማለች። ስካውታችን ጠመንጃውን እንዳነገተ ቀድሞን ደርሶ አጠገቧ ቆሞ ኖሯል። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይነኩሽም። ግን አትቁሚ፣ ቁጭ በይ። እነሱም ቁጭ ብለው ነው የሚውሉት» አላት። ቁጭ አለች። እኛም ትንፋሻችንን እየሰበሰብን አጠገቧ ቁጭ አልን። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነበር፤ ክረምቱ ከወጣ ብዙም አልቆየ፣ ሣሩ ገና ለምለም ነው።

«መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» የሚለው ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ በጆሮዬ ያለ ነው። በዚያ መስክ ላይ ግን ተረቱ ለጭላዳ የተሠራ መሰለኝ። ጭላዳ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ተቀምጦ ነው። ሣር ይነጫል፣ ያኝካል፣ ፊቱ ያለው ሲያልቅበት ሳይነሳ በቂጡ ተንፏቆ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ይጠጋል፣ እንደገና ይነጫል። ለዚህ ኑሮ እንዲመች መቀመጫው ላይ ወፍራም ትራስ የመሰለ ሥጋ አለው። መቀመጫው ከተወጋ ኑሮው ቆመ ማለት ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች ሁሉ ኑሮውን ሣር ላይ የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ከሚበላው ከአሥር ዘጠኙ እጅ ሣር ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን በጣቶቹ ቆፍሮ ሥሩን ያወጣል። ከብት ሣርን በምላሱ ጠቅልሎ ይግጣል፤ ጭላዳ ግን በእጁ ይለቅማል። አጠገቤ የነበረችውን አንዷን እናት ልብ ብዬ አየኋት። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንድ አንድ ዘለላ እየቆነጠረች መዳፏ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ሁለቱም እጆቿ በየተራ ይሠራሉ፤ ጭብጧ ሲሞላ ወደ አፏ ትወረውራለች። የአሥራ አንድ ዓመቱ ወንድ ልጄ ሊወዳደራት ሞከረ። እሱ ሦስት ዘለላ ሲነቅል እሷ ጭብጧን ሞልታ ጎርሳለች። እንዲህ አድርጎ ሁለቱን ጣቶች ማገናኘት የሚችል እጅ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ጭላዳ ዘንድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መቀመጡ ሌላም ነገር አስከትሏል። የሌሎች ዝንጀሮዎች ሴቶች ለመዳራት መድረሳቸውን የሚያሳውቁት መቀመጫቸው ቀልቶና አብጦ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥ እንስሳ ግን ምልክቱን ማን ያይለታል? ስለዚህ ጭላዳ ምልክቱን ደረቱ ላይ ተሸክሟል፤ ጠጉር ያልበቀለበት፣ ወገቡ ቀጠን ያለ ቀይ ቆዳ። ሴቷ ጊዜዋ ሲደርስ የዚያ ቆዳ ዳር ዳሩ ዶቃ በመሰሉ እብጠቶች ይከበባል። ወንዱ ደግሞ ቤተሰብ ሲገዛ ደረቱ ይደምቃል፣ ሲሻር ይደበዝዛል። የሥልጣን ካባውን ደረቱ ላይ ለብሶ ይዞራል ማለት ነው።

ስለ ጉዞው ትንሽ ላንሳ፤ ልጆቹን ይዞ መሄድ የሚያስብ ወላጅ ይኖራልና። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይደረሳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ መግቢያው የሚከፈለው፣ ስካውቱም የሚመደበው እዚያው ነው። ባለበቅሎና አብሳይም ከተማው ውስጥ ይገኛል። እኛ ሁለት የጭነት በቅሎና አንድ ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ያዝን፤ የመጨረሻዋ ለትንሿ ልጅ ነበረች፣ ኋላ ግን ሌላ ሰው ተጠቀመባት። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጣዩ ካምፕ ግጭ ደግሞ 3,600። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል። በሶና ዳቦ ቆሎ ከሁሉም ስንቅ በላይ አገለገሉን፤ ጋቢም ከስሊፒንግ ባጉ ላይ ሲደረብ ዋጋው ይታወቃል።

በሁለተኛው ቀን ወደ ግጭ ስንጓዝ በመንገዳችን የጅንባር ወንዝ ወደ ገደሉ ሲወረወር አየን። ውኃው ከመሬት ሳይደርስ መንገድ ላይ ጉም ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ባለው ዳገት ላይ ወንድ ልጄን ራሱን ያመው ጀመር፤ የከፍታው አየር ነው። ስካውቱ ሳያመነታ እህቱን ከበቅሎዋ አውርዶ እሱን አወጣው። «ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው ግጭ የሚገባው» አለኝ። ትንሿ ግን ጅብራዎቹ መሐል እየሮጠች ቀደመችን። ጅብራ ለዓመታት ቅጠሉን እያሰፋ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ አበባው ከሰው ቁመት በላይ እንደ ምሰሶ ይወጣና ዘሩን በትኖ ይሞታል። ደርቀው የቆሙትን እየነካች «ይሄም አብቧል፣ ይሄም አብቧል» እያለች ቆጠረች።

ግጭ ሜዳ ላይ የጭላዳን ጠብ አየን። የጭላዳ ኅብረተሰብ መሠረቱ ቤተሰብ ነው፤ አንድ አባወራ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ ልጅና እህትማማች ናቸው፤ ተወልደው ያደጉበትን ቤት አይለቁም። የሚመጣውና የሚሄደው ወንዱ ነው። ቤተሰቦቹ አብረው ይሰማራሉ፤ መስክ ላይ በመቶዎች ተሰብስበው ሲታዩ አንድ መንጋ ይመስላሉ እንጂ ውስጡ ቤት ቤት ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ወንደላጤዎቹ እየዞሩ የደከመ አባወራ ይፈልጋሉ።

ያን ዕለት አራት ወንደላጤዎች አንዱን አባወራ ተጠጉት። አልደበደባቸውም። የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገለበጠው፤ ሮዝ ድዱና እንደ ነብር የረዘሙት ክራንቻዎቹ ወጡ፤ ቅንድቡን ሲያነሳ ከዓይኑ ቆብ ላይ ነጣ ያለው ቆዳ ብልጭ አለ። ከዚያ ጋማውን እያርገበገበ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ፣ ወንደላጤዎቹም እየጮኹ ተከተሉት። ሲመለስ ሴቶቹ ዙሪያውን ከበው ጠጉሩን ይፈትሹለት ጀመር። ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው እነሱ ጋ ነው፤ ሴቶቹ ፊት ከነሱት ጡንቻው አያዋጣውም። አባወራው ሲሻር ግን መዘዙ ለቤቱ ሁሉ ይተርፋል። በዚሁ ፓርክ ውስጥ ለዓመታት ጭላዳዎችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ወንድ ቤቱን ሲይዝ ያረገዙት ሴቶች አብዛኞቹ ፅንሳቸው እንደሚቋረጥ አሳይተዋል። አዲሱ ወንድ የእሱ ያልሆነውን ግልገል ሊገድል ይችላልና፣ የእናቲቱ አካል አስቀድሞ የሚወስደው ውሳኔ ይመስላል። ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ለእኔም ከብዶኛል።

ጭላዳ ዛሬ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትኛውም አገር በዱር አይኖርም። ድሮ ግን ዘመዶቹ ብዙ ነበሩ፤ ቅሪታቸው ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ህንድ ተገኝቷል። ሁሉም ጠፍተው የቀረው የእኛ ደጋ ላይ ያለው ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቀው ስሙን ከእኛው ቋንቋ ወሰደ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው ጭላዳን ለማየት ሰሜን ድረስ መሄድም አይጠበቅበትም፤ ደብረ ሊባኖስ ገደል ላይ አለ። መንዝ ጓሳ ውስጥ ደግሞ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መሐል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፣ ብቻውን ሲሆን 25 ጊዜ ብቻ። ጭላዳዎቹም ግልገላቸውን እስካልነካ ድረስ አያባርሩትም።

የጭላዳ ጉዳይ እንግዲህ የሣር ጉዳይ ነው፤ ሣሩን ደግሞ በግ፣ ላምና ፈረስ ይፈልጉታል፣ መሬቱንም የገብስ ገበሬው ይፈልገዋል። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እርሻና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋሊያው እየተመናመነ ሲሄድ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እኛ ስናልፍ መንደሩ የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ እያገገመ ነበር። ባለበቅሎአችን ቆም ብሎ አንድ ቦታ በዱላው አሳየኝ፤ የዘመዱ ቤት የነበረበት ነው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ስለዚያ መስክ ውበት ስጽፍ ያን ዱላ አልፌው መሄድ አልችልም። ጭላዳው የሚነጨው ሣር የሰው አምባ የነበረ ነው፣ ለቅቆ የሄደውም ሰው ዋጋ ከፍሎበታል።

ከግጭ ተመልሰን በመጨረሻው ማለዳ ሳንቃበር ላይ ነቃን። ድንኳኑ በውርጭ ነጥቷል። ጭላዳ ሌሊቱን ነብርና ጅብ በማይደርሱበት የገደል ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድረው፤ ማታ ሲወርዱ አይተናቸው ነበርና ሲወጡ ለማየት ጋቢ ተከናንበን፣ ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ትንሿን እናቷ በጉያዋ ይዛታለች። መጀመሪያ ከታች ማጉረምረም መጣ፤ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያወጣው ድምፅ ከሩቅ የሰው ወሬ ይመስላል። ቀጥሎ አንዲት እናት አፋፉ ላይ ብቅ አለች፤ ጥቁር ግልገሏ ሆዷ ሥር ተንጠልጥሏል። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ ወጡና እንደሷ ተቀመጡ። ሣሩን የነካ የለም፤ ሁሉም ፀሐይ ይሞቃሉ።

ባለበቅሎው ጭነት እንጫን ብሎ ከካምፑ ተጣራ። ልጄ አልተነሳችም። «ቆዩ» አለች፣ ዓይኗን ከእነሱ ሳታነሳ፤ «ገና ቁርስ አልጀመሩም።»