ሰማዩ ጥርት ብሎ ጎርፉ ከየት መጣ? ሁርሶ፣ የደጋው ውርጭ እና ሚኒሶታ

ሚኒሶታ ዘመድ ያለው የድሬ ልጅ የክረምታቸው መጨረሻ ላይ የሚላኩለት ቪዲዮዎች ግራ ያጋቡታል። አንድ ቀን ከተማው በበረዶ ተሸፍኗል። በማግስቱ ሰው በቲሸርት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አስፋልቱ መስታወት ሆኖ መኪና ይንሸራተታል። «እኛ ጋ ሁሌም ያው ሙቀት ነው፣ ተገላገልን» ብለን እናልፈዋለን።

ግን እኛም ጋ በጋው አልቆ በልግ ሊገባ ሲል አየሩ ይገለባበጣል። መገለባበጡን የማናየው ሁርሶ ሆነን ስለምንጠብቀው ነው። ነገሩ ያለው ከላይ ነው።

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላ ናት። ወደ ደቡብ ቀና ስትሉ የሚታያችሁ ተራራ የሐረርጌ ደጋ ነው፤ ቁልቢ፣ ቀርሳ፣ ሐረማያ እዚያ ላይ ናቸው። በመሃል ያለው የከፍታ ልዩነት 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ቦታ ቦታም ከዚያ ይበልጣል። አየር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥቶ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ይሄንን ማንም ሊያስረዳው አይገባም፣ በአጥንቱ ያውቀዋል።

ከፍታው ብቻ ግን ውርጭ አያመጣም። ቀን ፀሐይ ያሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ከፊሉን ይመልሰዋል። በበጋ ደመናው የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም ሌሊት ላይ ጸጥ ይላል። ስለዚህ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ ያድርና ንጋት ላይ ቅጠሉ ነጭ ለብሶ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፤ ለዚህ ነው ኮረብታው ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው የሚቃጠለው። ስልካችሁ «3 ዲግሪ» እያለ ውርጭ ቢመታ አትገረሙ። የአየር ሙቀት የሚለካው ከመሬት ወደ 2 ሜትር ከፍ ብሎ ነው፣ መሬቱ ራሱ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል።

እኛ ቆላ ያለነው ውርጩን የምናውቀው ገበያ ላይ ነው፣ በተለይ በጫት ዋጋ። ውርጭ የመታው ቀንበጥ ይጠወልግና ይጠቁራል፣ ከላይ የሚወርደው ጭነት ይቀንሳል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ውሃ ያለው ገበሬ አመሻሹ ላይ ማሳውን ያጠጣል። እርጥብ አፈር ከደረቁ የበለጠ ሙቀት ይዞ ስለሚያድር ሌሊቱን ትንሽ ያስታግሰዋል። ውሃ የሌለው ግን ሰማይ ሰማይ እያየ ማደር ነው።

የካቲት እያለቀ መጋቢት ሲገባ እርጥበት ያለው አየር ከህንድ ውቅያኖስና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መምጣት ይጀምራል። ደመናው ይገባል፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይለዝባል፣ ውርጩ ይቆማል። ገበሬው እፎይ የሚለው ያኔ ነው። ለሁርሶ ሰው ግን የሚያሰጋው ወቅት የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ወደ አሜሪካ እንመለስ። (በነገራችን ላይ እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም በረዶ ነው የምንለው፤ ቪዲዮውን ያስረዳኋቸው ሰዎች ሁሉ እዚህ ጋ ይጠፋቸዋል።) እዚያ ክረምቱን ሙሉ አፈሩ ራሱ ይጠነክራል፣ ሚኒሶታን በመሰሉ ቦታዎች አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ድረስ። በአፈር ቅንጣቶች መሃል ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ድንገት ሙቀት መጥቶ በላዩ ላይ ዝናብ ሲጨመር፣ የቀለጠውም የዘነበውም ውሃ መግቢያ ያጣል። በማርች 2019 ነብራስካ ላይ የሆነው ይሄው ነው። ወንዞቹ ከነበረዶ ቁራጫቸው ገንፍለው ስፔንሰር የሚባለውን ግድብ ጠርገው ወሰዱት።

የእኛ ተራራ አፈሩ በረዶ አይሆንም። ግን ወራት ሙሉ ፀሐይ የጠበሰው፣ ዛፉ የተመነጠረ፣ ቦታ ቦታ ድንጋዩ የወጣ ቁልቁለት ነው። ከባድ ዝናብ ሲወርድበት አብዛኛውን አይጠጣውም፣ ይጥለዋል። ውጤቱ አንድ ዓይነት ነው፤ መሬት ያልተቀበለው ውሃ በአንዴ ወደ ታች ይሮጣል፣ የእኛው ደግሞ ቁልቁለቱ ስለሚገፋው ይብሳል። በደረቁ ወራት የምንሻገርበት፣ የምንነግድበት አሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ ወንዝ ይሆናል።

ድሬዳዋ ይሄን የከፈለችው በሰው ሕይወት ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ያኔ በልግ አልነበረም፣ ክረምት ነበር። አካሄዱ ግን ያው ነው፤ ላይ ይዘንባል፣ ታች ይገድላል።

እንግዲህ ስልክ የያዘ ሰው ምን ያድርግ? የአየር ሁኔታ አፑ ላይ ድሬዳዋን ብቻ አትመልከቱ። ቁልቢንና ሐረማያንም ጨምሩ። እዚያ ማታ ላይ መብረቅና ከባድ ዝናብ ካለ፣ የእናንተ ሰማይ ኮከብ ቢሞላውም አሸዋው ላይ አትደሩ፣ ባጃጅ አታቁሙ፣ ከብትም ግመልም አታሳድሩ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የአሥር ቀን ትንበያም እዩት። ከሁሉ ግን የሚፈጥነው ደጋ ያለ ዘመድ ነው። «እዚህ እየወረደ ነው» የሚል አንድ መልእክት ከየትኛውም አፕ ይቀድማል።

ጎርፉ ከመጣ በኋላ «ጉልበት አይደርስም፣ እንሻገር» የሚል ሰው አይጠፋም። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅ ደግሞ ከመኪና ይቀልላል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ታች ያለው አሸዋ መቆፈሩም አይታይም። የመጀመሪያው ጎርፍ ሲጎድልም ወዲያው አትግቡ፤ ከተለያየ ሸለቆ የሚመጣው ውሃ በተለያየ ሰዓት ስለሚደርስ ሁለተኛው ከኋላ ሊከተል ይችላል።