«የባሕር በር» ሲባል ምን እየተጠየቀ ነው?

ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ፣ ጊራና ላይ ገበሬው የሚበትነው ማዳበሪያና መርሳ ላይ አይሱዙው የሚቀዳው ናፍጣ የሚመጡት በአንድ መስመር ነው፤ ከጅቡቲ በጋላፊ ገብተው፣ በሚሌ አልፈው። ጨዋችንም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1990 ዓ.ም በፊት በብዛት የምንበላው የአሰብን ጨው ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ መስመሩ ተዘጋ፤ በምትኩ የአፍዴራ ጨው መጣ። ወሎ ውስጥ አሰብ ወርዶ፣ ወደብ ላይ ሠርቶ የተመለሰ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ መንግሥታት ስለ ቀይ ባሕር የሚናገሩትን አጥርቶ መስማት ለእኛ የቤት ጉዳይ ነው።

አሁን የምንሰማው ክርክር ጎልቶ የወጣው ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለምክር ቤት አባላት የሰጡት ሰፊ ማብራሪያ በቴሌቪዥን ተላለፈ። ስለ ቀይ ባሕር መነጋገር ነውር መሆን እንደሌለበት፣ ቁጥሩ እየጨመረ የሚሄድ ሕዝብ በመልክዓ ምድር እስር ቤት ሊኖር እንደማይችል ተናገሩ። በልዋጩ ከሕዳሴ ግድቡ ወይም ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ መስጠት እንደሚቻልም አነሱ። ጎረቤቶች ግን ድርድሩን ሳይሆን ሥጋቱን ሰሙ። ጥቅምት 15 በተከበረው የሠራዊት ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢትዮጵያ ማንንም እንደማትወር መናገር ግድ ሆነባቸው።

አንድ ንግግር እንዴት ሁለት ተቃራኒ ነገር ሆኖ ይሰማል? ምክንያቱ «የባሕር በር» በሚለው አባባል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች መታጨቃቸው ነው። ወልዲያ ላይ ቤቱ ከኋላ የሆነበትን ሰው እናስብ። በጎረቤቱ ግቢ አልፎ ወደ አስፋልት መውጣት ይፈልግ ይሆናል፤ ከግቢው ጥግ ቆርሶ መከራየት ሊፈልግም ይችላል፤ ወይም ያ ጥግ በራሱ ካርታ ላይ እንዲገባለት ይሻል። ሦስቱንም «መውጫ ስጡኝ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጎረቤቱ ግን የመጀመሪያውን በፈገግታ፣ ሁለተኛውን በውል ቢቀበል፣ ሦስተኛውን ሲሰማ ወደ ፍርድ ቤት ይሮጣል።

ዓለም አቀፉ ሕግ የሚደግፈው የመጀመሪያውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 125 ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመውጣትና በጎረቤት ምድር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ዝርዝሩን ግን ሁለቱ አገሮች ተስማምተው ይወስናሉ፤ የአስተላላፊው አገር ሉዓላዊነትም አይነካም። ጅቡቲን የምንጠቀመው በዚሁ ዓይነት ስምምነት ነው። የባለቤትነት ጥያቄ ከዚህ አንቀጽ አይወጣም።

መንግሥታት ቃሉን ሰፊ አድርገው የሚተዉት አድማጫቸው ብዙ ስለሆነ ነው። አገር ቤት ያለው ሰው አሰብ ልትመለስ ነው ብሎ ተስፋ ያደርጋል፤ የውጭ ዲፕሎማት የንግድ ጥያቄ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ተደራዳሪው ደግሞ በሁለቱ መካከል መንቀሳቀሻ ያገኛል። «የህልውና ጉዳይ» የሚለው ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይከብዳል። በህልውና ላይ የሚደራደር መሪ በሕዝቡ ፊት ከሃዲ መስሎ ስለሚታይ፣ መሪው በተናገረው ቃል ራሱን ያስራል።

የታሪክ አጠቃቀሙም እንዲሁ ነው፤ ሁሉም የሚስማማውን ዓመት ይመርጣል። አዲስ አበባ አዱሊስንና አክሱምን ትጠራለች፤ ኢትዮጵያ በቂ የባሕር መውጫ የማግኘት ሕጋዊ ፍላጎት እንዳላት የጠቀሰውን የተባበሩት መንግሥታት የ1943 ዓ.ም ውሳኔም መጥቀስ ትችላለች። አስመራ ከጣሊያን ጋር የተፈረሙትን የምኒልክ ዘመን ውሎችና የሚያዝያ 1985 ዓ.ምን ሕዝበ ውሳኔ ታነሳለች። ሁለቱም የሚጠቅሱት እውነት ነው፤ የሚዘሉትም እውነት ነው። ይህ የእኛ አካባቢ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ቻይናም የደቡብ ቻይና ባሕር ከጥንት ጀምሮ የእኔ ነው ትላለች፤ ፊሊፒንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በእሷ በኩል ያለውን ባሕር «የምዕራብ ፊሊፒንስ ባሕር» ብላ በይፋ ሰየመችው።

ሰፊው ቃል ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ያየነው በሶማሊያ በኩል ነው። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ። የሶማሌላንድ መሪዎች ዕውቅና አገኘን አሉ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳዩን በጥልቀት ለማጤን እንደተስማማ ተናገረ፤ ሞቃዲሾ ሰነዱን ውድቅ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። በአንድ ሰነድ ላይ ሦስት ንባብ ሆነ። ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም፣ በቱርክ አደራዳሪነት የወጣው የአንካራ መግለጫ ኢትዮጵያ አስተማማኝ የባሕር መውጫ እንድታገኝ የሚደረገው በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንደሆነ ጻፈ። ከሦስቱ ጥያቄዎች ሦስተኛው፣ የባለቤትነቱ፣ እዚያ ወረቀት ላይ የለም። እንዲህ ዓይነቱ ሐረግ ከየትኛውም ንግግር በላይ ሊነበብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከአስመራ ጋር ግን እስከዚህ የደረሰ ወረቀት የለም፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኼኛው ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጌዴዎን ጢሞቴዎስ ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በጻፉት ደብዳቤ የኤርትራን መንግሥትና የሕወሓትን አንድ ክንፍ ታጣቂዎችን ይደግፋሉ ሲሉ ከሰሱ፤ ወልዲያን ለመያዝ ተደርጓል ያሉትን ሙከራም ጠቀሱ። በዚያው ደብዳቤ አስመራ የኢትዮጵያን የባሕር መውጫ ጥያቄ እንደ ሥጋት እያቀረበች ለድርጊቷ ምክንያት ታደርገዋለች ብለዋል። አስመራ ክሱን አልተቀበለችም። ክሱን የማጣራቱ ሥራ የሌላ ነው፤ የአጻጻፉን አካሄድ ግን ልብ እንበል። ከባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀች ከተማ ስሟ የቀይ ባሕር ክርክር ባለበት ሰነድ ውስጥ ገባ። በ2013 ክረምት ጦርነት ወልዲያና መርሳ ድረስ ሲመጣ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም።

ስለዚህ የሰሜን ወሎ ሰው መንግሥቱን በግልጽ ሊጠይቅ ይገባዋል፦ የምትሹት መተላለፊያ ነው፣ ኪራይ ነው ወይስ ባለቤትነት? መተላለፊያና ኪራይ ከሆነ በዚሁ ቃል ይጠራ፤ ዋጋው፣ ዘመኑና የዕቃው መጠን ይነገር። አስመራም አሰብን በምን ውል ለኢትዮጵያ ጭነት እንደምትከፍት ብትናገር ለአሰብም ለወልዲያም ሕዝብ ይጠቅማል። ባለቤትነት ከሆነ ደግሞ፣ ጎረቤት በፈቃዱ ካልሰጠ በምን መንገድ ሊገኝ እንደታሰበ ልጆቹን ለሚልከው ሕዝብ አስቀድሞ ይነገረው።